ዱንጉዛ በቅቤ ክሬም

የእህቴ ልጅ ቅቤውን ከእንሰት ቅጠሉ ፈትታ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨመረችውና ስኳር ልትነሰንስበት እጇን ዘረጋች። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ አየቻት። «ኧረ ቆይ ልጄ! አሬራው ሳይወጣለት?» ብላ ሳህኑን ተቀበለቻት። ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰችበት፤ በእንጨት ማንኪያ ወደ ሳህኑ ጠርዝ እየደፈጠጠች አጠበችው፤ ነጣ ያለውን ውሃ ደፍታ ሌላ ቸለሰችበት። ውሃው ጥርት ብሎ መውጣት ሲጀምር ቅቤውን በንጹሕ ስስ ጨርቅ ጠቅልላ ጨመቀችና መለሰችላት። ልጅቷ የኬክ ማስዋብ ቪዲዮ በስልኳ ስታይ ነው የከረመችው። ከቪዲዮዎቹ አንዱም ግን ይህን አልነገራትም። ቪዲዮው በተቀረጸበት አገር ቅቤ የሚመጣው ታጥቦ፣ ተመዝኖና በወረቀት ተጠቅልሎ ከፋብሪካ ስለሆነ ይህን የሚናገር ሰው የለም። የመጀመሪያውን የኬክ ማስዋብ ትምህርት የሰጠቻት በዕድሜዋ አንድም ኬክ አስውባ የማታውቀው እናቷ ናት።

ያለነው ጠበላ ነው። የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው አስፋልት ላይ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ለሰርግ የሚሆን ኬክ ሲያስፈልግ የለመድነው ወደ ሶዶ መውጣት ነበር። ሶዶ ደግሞ ከዓመት ዓመት ድግስ የሚበዛባት ከተማ ሆናለች። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የምርቃት ሰሞን የራሱ ገበያ አለው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማዋ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ መሥሪያ ቤት ሲበዛ ሽኝቱም አቀባበሉም አብሮ ይበዛል። ልደት፣ ቀለበትና መልስ ሳይቆጠር ማለት ነው። በየሰፈሩ «ኬክ እሠራለሁ» የሚሉ ወጣት ሴቶች፣ አልፎ አልፎም ወንዶች፣ ብቅ ማለታቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ሙያው ለረጅም ጊዜ ከኬክ ቤት ጓዳ አልወጣም ነበር። ዘመናዊው ኬክ በአመዛኙ በጣሊያኖች እጅ ነው አገራችን የገባው፤ ሚሊፎኒውም ቶርታውም የዚያ ውርስ ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ስሙ የገነነውን ኤንሪኮ ኬክ ቤትን የማያስታውስ የከተማዋ ሰው ጥቂት ነው። መማር የፈለገ ሰው ኬክ ቤት ተቀጥሮ፣ ዕቃ ከማጠብ ጀምሮ፣ ዋናው ሠራተኛ ሲሠራ እያየ ነበር የሚለምደው። ቤት ውስጥ ተምሮ ሠሪ መሆን ዝቅ ያለ መንገድ የሚመስላቸው ሰዎች አሁንም አሉ። አልስማማም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ጀማሪ የሚማርበት ቅደም ተከተል የተስፋፋው አሜሪካዊው ዲዊ ማኪንሊ ዊልተን በ1929 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ፣ በቤቱ የምግብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ማስተማር ከጀመረ በኋላ ነው። የቤት ጠረጴዛ ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለም።

ጠበላ ላይም ሆነ ሶዶ ላይ የማያቸው ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያማርሩት እጃቸውን ነው። «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አበባው አልወጣልኝም» ይላሉ። ሥራቸውን ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ጥፋቱ የእጅ አይደለም። አበባው የሚጋደመው ክሬሙ ስለላላ ነው፤ ክሬሙ የሚላላው ደግሞ መመሪያው የተጻፈው ለሌላ አየር፣ ለሌላ ቅቤና ለሌላ እንቁላል ስለሆነ ነው። እዚህ የሚማር ሰው እጁን ከመውቀሱ በፊት መመሪያውን ወደ ወላይታ ማምጣት አለበት።

ከታች፣ ከራሱ ከኬኩ እንጀምር። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,100 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። በ2,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይነፋል። ሊጡ ገና ሳይጸና ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ መሐሉ ስርጉድ ይላል። ጀማሪዋ ጉድጓዱን በክሬም ትሞላዋለች፤ ክሬሙ ይከብዳል፣ ኬኩ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለው ሥዕልም አብሮ ይሰነጠቃል። ፍቱን ሆኖ ያገኘሁት መላ ቀላል ነው፦ ቤኪንግ ፓውደሩን ከተጻፈው ሩቡን መቀነስ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ወይም ውሃ መጨመር፣ ከስኳሩም ጥቂት ማንሳት፣ ኦቨኑን ደግሞ አሥር ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ።

እንቁላሉም እንዲሁ። መመሪያው «አራት እንቁላል» ሲል በልቡ ያለው የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ነው፤ አንዱ ከ55 እስከ 60 ግራም ይመዝናል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም ገደማ ነው። አራቱን ቆጥራ የጨመረች ልጅ ሳታውቀው ከአንድ እንቁላል በላይ አጉድላለች ማለት ነው። ለጀማሪ የመጀመሪያው ግዢ የአበባ ማውጫ (ኖዝል) ስብስብ መሆን የለበትም፤ ትንሽ የኩሽና ሚዛን ይቅደም። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ የሚሰማኝ ግን ጥቂት ሰው ነው፤ የኖዝሉ ስብስብ በሣጥን ሆኖ ሲያብለጨልጭ ዓይን ይስባል።

ኦቨን የሌለው፣ ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት በድስት ይጋግራል። ወፍራም ድስት ውስጥ ደረቅ አሸዋ ወይም ጨው ይነጠፋል፤ በላዩ ማስቀመጫ ይደረግና መጋገሪያው ይገባል፤ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። እህቴ በዚህ ጊዜ ከሰሉን ቆጥራ ነው የምትሰጠው፤ ሁለቱ የኬክ ንብርብሮች በአንድ እሳት ተከታትለው እንዲወጡ ታደርጋለች። ይህ ስስት አይደለም። የሁምቦ ተራራ ለማገዶና ለከሰል ተጨፍጭፎ የተራቆተበትን ጊዜ ታስታውሳለች። በ2006 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር ተከልሎ፣ ከተቆረጠው ዛፍ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ቡቃያ እየተመረጠና እየተገረዘ ነው ደኑ የተመለሰው። እዚያ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው የከሰል ዋጋ ገበያ ላይ ከሚጠየቀው በላይ ነው።

አሁን ወደ ክሬሙ። የተለመደው የቅቤ ክሬም በሚዛን ለአንድ እጅ ቅቤ ሁለት እጅ የተፈጨ ስኳር ይፈልጋል፤ 250 ግራም ቅቤ ካለ 500 ግራም ስኳር ማለት ነው። የእኛ ስኳር ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ በቡና መፍጫ ማሽን ደቅቆ በጠባብ ወንፊት መነፋት አለበት፤ አንዲት ያልተፈጨች ቅንጣት የኖዝሉን ጫፍ ከዘጋች መስመሩ ይቋረጣል፣ ክሬሙ የሚወጣበትን ከረጢት አጥብቀው ሲጫኑትም በጎን ይፈነዳል። የታሸገው የተፈጨ ስኳር እንዳይጓጉል ስታርች ይገባበታል። የእህቴ ልጅ በስታርቹ ፋንታ ያስገባችው ደርቆ የተነፋ ቡላ ነው፤ ለግማሽ ኪሎ ስኳር አንድ ማንኪያ ብቻ። ቡላም ስታርች ነውና እርጥበቱን ጠጣው፤ ስኳሩ ሳይጓጉል ከረመ። በዚህ ነገር ከእኔ ይልቅ እሷ ትኮራለች፣ ይገባታልም።

ቅቤው ለብቻው እስኪነጣና እስኪቀል ድረስ ይመታል፤ ስኳሩ ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይገባል። ላሟ ለምለም ሣር በምትግጥበት በክረምት ማብቂያ የወላይታ ቅቤ ቢጫነቱ ይበረታል። በረዶ የመሰለ ነጭ ክሬም የፈለገች ልጅ ተስፋ ልትቆርጥ ትችላለች። ወይን ጠጅ ቀለም በእንጨት ስንጥር ጫፍ ብቻ ነክታ ብትመታው ቢጫነቱ ይሰበራል። በእኔ ዓይን ግን ያ ወዛም ቢጫ መልክ ከሚያንጸባርቀው ነጭ ይበልጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ልምምድን በመስከረም ዋዜማ አለመጀመር ነው። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ እናቶች ከወራት በፊት የቅቤ ዕቁብ ጥለው የሚያጠራቅሙት ይህንኑ ቅቤ ነው፤ በዓሉ ሲቃረብ የቅቤ ዋጋ የሚለማመድን ሰው አይታገሥም።

ሙቀቱ ዋናው ነገር ነው። ቅቤ ለማስዋብ የሚመቸው ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፤ ከ30 ሲያልፍ መፍሰስ ይጀምራል፣ 35 ላይ ዘይት ይሆናል። ሶዶ ላይ ጠዋት የተመታ ክሬም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያው ክሬም ወደ አባያ በምታዘቀዝቀው ጠበላ፣ ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይጸናም። የሰው መዳፍም ይሞቃል። ከረጢቱን ጥግብ አድርጋ የምትሞላ ጀማሪ መጀመሪያ ያወጣችው አበባ ያምርላታል፣ የመጨረሻው ይቀልጥባታል፤ ክሬሙ በእጇ ሙቀት ተለውጧልና። ከረጢቱ ከግማሽ በታች ይሞላ፤ የቀረው ክሬም በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ሳህን ይጠብቅ። ሥራው በማለዳ ወይም ማታ ይሁን። ከቅቤው ሲሶውን በሚረጋ የአትክልት ቅባት መተካትም ሙቀቱን ያስችለዋል። ከዚያ በላይ ከተተካ ግን ቅባቱ አፍ ውስጥ ስለማይሟሟ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፤ የሚያምር ግን የማይበላ ኬክ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ለመለማመጃ ቅቤ ማባከን ደግሞ አያስፈልግም። ወላይታ የስኳር ድንች አገር ነው። ተቀቅሎ፣ ተላልጦ፣ በወንፊት ተጠቅጥቆ ጭረቱ ሲወጣለት ከጥሩ የቅቤ ክሬም ጋር የሚቀራረብ ውፍረት ይይዛል። የእህቴ ልጅ ከጓዳው በር አጠገብ ተቀምጣ፣ የፌስታል ጥግ በመቀስ ቆርጣ ብረቱን ኖዝል አስገብታበት፣ በትሪ ጀርባ ላይ መስመር ስታወጣ አየኋት። ቀኝ እጇ ይጫናል፣ ግራው ጫፉን ይመራል። መጀመሪያ ላይ ጫፉን ከትሪው ጋር አጣብቃ ስለምትጎትት መስመሩ ጠፍጣፋና የተቦጫጨቀ ነበር። ከረጢቱን ወደ 45 ዲግሪ አጋድላ፣ ጫፉን ከትሪው ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ የሚወጣው ድንች በራሱ ክብደት እንዲወድቅ ስትተወው መስመሩ ቀና። ለኮከብና ለአበባ ግን ከረጢቱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በሁሉም የሚያስቸግራት ማቆሙ ነበር፤ ጭነቱን ሳታቋርጥ እጇን ስታነሳ ጫፉ ላይ ጅራት ይቀራል። መጀመሪያ መጫን ይቆማል፣ ከዚያ ነው እጅ የሚነሳው። ትሪው ሲሞላ በቢላ ትጠርገውና መልሳ ከረጢቱ ውስጥ ትከተዋለች፤ ሲመሽ የቀረውን ትናንሽ ወንድሞቿ በሉት።

የሚሽከረከረውን የኬክ ማስቀመጫ የሠራችውም በወንድሞቿ ብይ ነው። ሰፋ ባለ የጣሳ ክዳን ውስጥ ብይ ደርድራ ዝርግ ሳህን ደፋችበት፤ ሳህኑ በጣት ሲነካ ይዞራል። የኬክን ጎን ለማለስለስ ቢላው አንድ ቦታ ይቆማል፣ የሚዞረው ኬኩ ነው።

የመጀመሪያው ቅብ ስስ ነው፤ ሥራውም ፍርፋሪውን ማሰር ብቻ ስለሆነ ማማር አይጠበቅበትም። ኬኩ ፈጽሞ ሳይበርድ ከተቀባ ግን ምንም አያድነውም። ስሱ ቅብ ሲጠነክር ሁለተኛው ወፍራም ቅብ ይደረባል። ማስዋቡ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ምን ይሠራ? ስልኩ ጽጌረዳ ያሳያል። ጽጌረዳ ሁሉንም ይስባል፣ ለጀማሪ ግን የመጨረሻው ትምህርት መሆን ነበረበት። መጀመሪያ የሚለመደው ቀጥ ያለ መስመር ነው። በመስመር የሚያምር ነገር ፍለጋ ደግሞ ከወላይታ መውጣት አያስፈልግም፤ ዱንጉዛ አለ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ጎን ለጎን ተሰልፎ የሚሸመነው ይህ ልብስ ጊፋታ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ መድረክ ላይ ከሩቅ ይታወቃል። የእህቴ ልጅ የአባቷን ዱንጉዛ ከሣጥን አውጥታ ወንበር ላይ ሰቀለችው፤ የእያንዳንዱን መስመር ስፋት በክር ለካች፤ ያንኑ ክር ወጥራ ኬኩ ጎን ላይ ቀስ ብላ ተጫነችው። ክሩ ሲነሳ ክሬሙ ላይ ስስ ምልክት ይቀራል፤ ከረጢቱ ያንን ተከትሎ ይወርዳል። አንዱ መስመር ቢወፍርባት ቀጣዩን ማቅጠን እንደማያዋጣት ወዲያው ገባት፤ ሸማኔ ድሩን እየቆጠረ እንደሚሠራ ሁሉ እሷም ሳትቆጥር መሥራት አልቻለችም።

ቀለሙ የራሱ ትዕግሥት አለው። ለቢጫው እርድ ይበቃል። የእርድ ቀለም በቅባት ስለሚሟሟ ትንሽ ቅቤ ለብ አድርጎ እርዱን መጨመር፣ በጨርቅ ማጥለልና ሲበርድ ከክሬሙ ጋር መምታት ነው፤ ከበዛ ወጥ ወጥ ይላል። ለቀዩ ቀይ ሥር የሚሞክሩ አሉ። የቀይ ሥር ቀለም በውሃ እንጂ በቅባት አይሟሟም፤ ክሬሙን ያረጥበዋል፣ የሚሰጠውም ሮዝ ነው። ለዱንጉዛ ቀይ የተገዛ የምግብ ቀለም ያስፈልጋል፣ ለቅቤ ክሬም ደግሞ በዘይት የተዘጋጀው ይሻላል። ቀዩም ጥቁሩም በዋዜማው ይዘጋጅ፤ ማታ ደብዘዝ ያለው ቀለም ሲያድር ይደምቃል። ይህን ያላወቀች ልጅ ቀለም ስትጨምር፣ ስትጨምር ክሬሙን ታመርረዋለች። ጥቁሩን ከነጭ ክሬም መጀመር ቀለም ማባከን ነው፤ በኮኮዋ የጠቆረ ቡናማ ክሬም ላይ ጥቂት ጥቁር ይበቃል። ሲወጣም መጀመሪያ ቢጫው፣ ቀጥሎ ቀዩ፣ በመጨረሻ ጥቁሩ ነው፤ የጠቆረው ቀድሞ ከወረደ ቢጫውን ያቆሽሸዋል።

ማቀዝቀዣ የሌለበት ቤት ሌላ አማራጭ አለው። አንድ እጅ የእንቁላል ነጭ ከሁለት እጅ ስኳር ጋር በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ እየተማሰለ 71 ዲግሪ ይደርሳል፤ ቴርሞሜትር ከሌለ በሁለት ጣት ሲታሽ ስኳሩ እስኪጠፋ ይጠበቃል። ማሞቁ የጥሬ እንቁላልን አደጋ ስለሚያርቅ መዘለል የለበትም። ከዚያ እስኪበርድ ሲመታ የሚያብረቀርቅ ነጭ ክሬም ይወጣል። ቅባት ስለሌለው የጠበላ ቀትር አያቀልጠውም። ኬኩን ሙሉ ለሙሉ የሚሸፍነውን ፎንዳንት ግን ለጀማሪ አልመክርም፤ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ያልበዋል፣ ቀለሙም ይወርዳል።

ለሽያጭ ያሰበች ልጅ የደንበኞቿን ጾም ማወቅ አለባት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከወላይታ ዞን ሕዝብ 71 ከመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 21 ከመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ ነበር። በሁዳዴ የልደት ኬክ የሚያዝ ቤትም የጾም ኬክ የሚያዝ ቤትም በአንድ ሰፈር አሉ። የጾም ኬክ በዘይት፣ በሶዳና በኮምጣጤ ይነሳል፤ ክሬሙ ወተት በሌለው ማርጋሪን ይሠራል፤ መምቻውና ከረጢቱም ለብቻ ቢሆን ደንበኛዋ በሙሉ ልብ ትቀበላለች።

የመጨረሻው ፈተና መንገዱ ነው። ከጠበላ ሶዶ ድረስ ኬክ በጭን ታቅፎ አይሄድም፤ ጭን ያዘነብላል፣ ይሞቃልም። ከኬኩ ሥር ያለው ካርቶን በጥቂት ክሬም ከሣጥኑ ወለል ጋር ይጣበቅ፣ ሣጥኑም እርጥብ ጨርቅ ተነጥፎለት ዝርግ የመኪና ወለል ላይ ይቀመጥ። ፀሐይ ሳትከር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት መድረስ ይሻላል። ከሦስቱም ቀለም ጥቂት በትንንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ከመቀስና ከቢላ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ የተነካው መስመር እዚያው ይጠገናል። ጥቁሩ ቢጫው ላይ ነክቶ ከተገኘ በእርጥቡ አይጠረግም፤ ጠንከር እስኪል ተጠብቆ በቢላ ጫፍ ይነሳል፣ ቦታውም በቢጫ ይሞላል።